ከበሶብላ እስከ ቱልሲ፦ መቼ እንደሚቆረጥ የተማርኩት

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዘንድሮ እዚህ ሜሪላንድ በጋራ እርሻው ላይ ያለችኝን መደብ በሙሉ ለአንድ የተክል ወገን ሰጠኋት። ቲማቲም የለ፣ ቃሪያ የለ፤ ሁሉም በሶብላና ዘመዶቹ። በሳይንሱ አጠራር ወገኑ ኦሲመም ይባላል። ከ60 በላይ ዝርያዎች አሉት፣ ብዙዎቹም አፍሪካ ውስጥ ነው የሚገኙት። የእኛ በሶብላና ዳማከሴ፣ የህንዶቹ ቱልሲ፣ ጣልያኖች ፔስቶ የሚሉትን ማባያ የሚሠሩበት ባሲል፣ ናይጄሪያውያን ሾርባ ላይ የሚጨምሩት ቅጠል፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አብሬ ሳሳድጋቸው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ከተክሉ የሚፈልገው ክፍልም የሚቆርጥበት ጊዜም ለየቅል መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመዝራታችሁ በፊት ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ።

ከበሶብላ ልጀምር። ዘር ፍለጋ አትድከሙ። ከሀበሻ ሱቅ የምንገዛው ደረቅ በሶብላ ያልተፈጨ ከሆነ ዘሩ እዚያው ውስጡ አለ። የአበባውን ዘለላ በሁለት መዳፋችሁ አሹትና ገለባውን በቀስታ እፍ በሉት። ከጤፍ የሚተልቅ፣ ከኑግ የሚያንስ ጥቁር ዘር ይቀራችኋል። አንዷ አበባ አራት ዘር ትይዛለች። ጥቂቱን ውሃ ውስጥ ጣል አድርጋችሁ እዩት፣ ደቂቃዎች ሳይሞላው ዙሪያውን ሙልጭልጭ ያለ ግራጫ ልባስ ይለብሳል። ኢራኖችና ህንዶች በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ መጠጥ ላይ የሚጨምሩት ይህንኑ የባሲል ዘር ነው። ሱቅ የቆየ ዘር ሁሉ ላይበቅል ስለሚችል ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ፣ አፈሩን ግን ስስ አድርጋችሁ ነው ማልበስ። ሙቀት ይወዳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ስለዚህ እዚህ አካባቢ ሜይ ሳይጋመስ ችግኙን ከቤት አታውጡት።

አሁን ወደ መቁረጡ። የፈረንጅ የአትክልት መጽሐፍ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚነግራችሁ አበባውን ቶሎ ቶሎ ቀንጥሱ ነው። ለጣልያኖቹ ልክ ነው፣ እነሱ የሚፈልጉት ለጋ ቅጠል ነዋ። አበባ ሲያወጣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ጄኖቫ አካባቢማ ገና በችግኝነቱ ከነሥሩ ነቅለው በእቅፍ በእቅፍ አስረው ነው የሚሸጡት። የጄኖቫ ባሲል ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ነው። የእኛ ግን ግቡ አበባው ነው! ሽሮና በርበሬ ውስጥ የሚገባው፣ ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ጣል የሚደረገው ያ ደረቅ የአበባ ዘለላ ነው። ቀንጥሱ የሚለውን ምክር እየሰማ በሶብላዬ እምቢ አለኝ የሚል ሰው ሳይ ያንገበግበኛል፣ ተክሉ ምንም አላጠፋም። ዘለላው ከታች ቡናማ መሆን ጀምሮ ጫፉ ላይ ገና ወይንጠጅ አበባ ሲኖረው እቆርጠዋለሁ። ከዚያ አስሬ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ውስጥ ቁልቁል እሰቅለዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ይሄዳል። መደቡን ለሁለት ከፍዬ ነበር፣ ግማሹ ለቅጠል እየተቀነጠሰ፣ ግማሹ ለአበባ የተተወ። የአበባው ወገን ላይ ንቡ ጠዋት ጠዋት ሲርመሰመስ ማየት ብቻውን ደስ ይላል።

ቱልሲን ያስተማሩኝ አጠገቤ መደብ ያላቸው ህንዳዊት እናት ናቸው፣ ሁላችንም አንቲ ነው የምንላቸው። ችግኙን ሲሰጡኝ አብረው ሥርዓቱን ነገሩኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቅጠል አይቀጠፍም። በሂንዱ ቤት ቱልሲ ግቢ መካከል ከፍ ባለ መደብ ላይ ትተከላለች፣ ጠዋት ውሃ ይፈስላታል፣ ማታ ፊቷ ኩራዝ ይበራል። ለቪሽኑ አምላኪዎች ተክሏ ራሷ እንስት አምላክ ናት። ካርቲክ በሚሉት ወር፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር አካባቢ ማለት ነው፣ ቱልሲን ለቪሽኑ ይድሯታል፣ እንደ ሰው ሠርግ ልብስና ጌጥ ተደርጎላት። ደርቃ ስትሞት እንኳ ግንዷ ተፈልፍሎ የጸሎት መቁጠሪያ ይሠራበታል። ነፍሱ ልትወጣ ለተቃረበ ሰው ቅጠሏን ከጋንጀስ ውሃ ጋር አፉ ላይ ያደርጉለታል። በዕለት ኑሮም ለሳልና ለጉንፋን ከዝንጅብል ጋር ሻይ ትሆናለች። ቅጠሏን አሽታችሁ ብታሸቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትላለች። ይህ የአፍንጫ ጨዋታ አይደለም፣ ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር ቱልሲም ውስጥ አለ።

ይህችው ተክል፣ ዝርያዋ ሳይለወጥ፣ ታይላንድ ስትሄድ ካፕራው ተብላ መጥበሻ ላይ ትወጣለች። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በጋለ ዘይት፣ ከዚያ የተከተፈ ሥጋ፣ የዓሣ ሶስ፣ በመጨረሻ እሳቱ ሊጠፋ ሲል አንድ እፍኝ ቅጠል። ሩዝና የተጠበሰ እንቁላል ይጨመርበታል። ቅጠሉን መጀመሪያ ላይ ከጨመራችሁት ሽታው በንኖ ያልቃል። እኔ በዶሮ ሠርቼው ቤተሰቡ ወዶታል። ህንዶች የሚሰግዱላትን ታይላንዶች ይጠብሷታል፣ ሁለቱም ከልባቸው ይወዷታል። ለእኔ የዚህ ተክል ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

ግሪኮችን ሳነብ ደግሞ መስቀል ላይ ደረስኩ። በግሪክ ትውፊት ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችው ባሲል በቅሎ በሚሸትበት ቦታ ነው። በመስቀል በዓላቸው መስቀሉ በባሲል ታጅቦ ይወጣል፣ ካህኑም ቅጠሉን ለምእመናኑ ያድላል። እኛ ጋ የደመራው ጢስ መራት እንላለን፣ እነሱ ጋ ሽታው። እንደ ሰርቢያ በአሮጌው አቆጣጠር የሚሄዱት ቤተ ክርስቲያኖች በዓሉን ሴፕቴምበር 27 ስለሚያከብሩ ብዙ ጊዜ ከእኛ መስከረም 17 ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ሩማንያ ውስጥም በጥምቀት ካህኑ ጸበሉን የሚረጨው በባሲል እቅፍ ነው። ብዙ የግሪክ ቤት ደጃፍ ላይ ባሲል በማሰሮ ታገኛላችሁ፣ ወጥ ውስጥ ግን እንደ ጣልያን አያበዙትም።

ዳማከሴ ያለ ዘር፣ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ነው የመጣልኝ። አንድ ወዳጄ ሰጠኝ፣ ውሃ ውስጥ አቁሜው ሥር አወጣ። አጠቃቀሙን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምች ሲመታ፣ ራስ ሲፈልጥ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ ከንፈር ሲቆስል፣ ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል። አረንጓዴው ጭማቂ ግንባርና ፊት ይቀባል፣ ይሸተታል፣ ጥቂት ጠብታም በትኩስ ቡና ይጠጣል። ደረቅ ቅጠል ይህን አይሠራም፣ ለዚህ ነው ተክሉ ሁልጊዜ በእጅ ርቀት ጓሮ ውስጥ የሚኖረው። በ2003 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያወርድ አሳይተዋል። የአይጥ ሙከራ የሰው ማስረጃ አይደለም፣ ትኩሳቱ ካልወረደ ሐኪም ቤት ሂዱ። እኔን የገረመኝ ግን በዚያው ጥናት አብሮ የተሞከረው ሌላው ዝርያ፣ ናይጄሪያውያን ፔፐር ሱፕ በሚሉት በሚያቃጥለው ሾርባቸው ላይ የሚጨምሩት መሆኑ ነው። እነሱም ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበታል። ከአፍሪካ ሱቅ ትኩሱን ገዝቼ ቀምሼዋለሁ፣ ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ይበቃል። ኬንያ ካካሜጋ ደን አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ካምፎር የሚሸተውን ዘመዱን እያመረቱ፣ ዘይቱ ተጣርቶ ለጉንፋንና ለጡንቻ ሕመም የሚቀባ ቅባት ይሠሩበታል። እሱን ገና አልተከልኩትም።

ለጀማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። የባሲል ቅጠል ላዩ ቢጫ እያለ ታቹ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ካወጣ በሽታ ነው፣ የውሃ እጥረት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2007 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ነው፣ አሁን በየዓመቱ ይመጣል። የጣልያኑን ባሲል ክፉኛ ይመታዋል። ዘንድሮ የእኔ የጣልያን ባሲል ግማሹ ሲሄድ ቱልሲዋ ምንም አልሆነችም። አራርቃችሁ ትከሉ፣ ውሃውን ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳታርሱ ሥሩ ላይ አፍስሱ፣ የታመመውን ነቅላችሁ ወዲያው አስወግዱ።

አሁን የቀረኝ ዳማከሴውን ከውርጭ በፊት ወደ ቤት ማስገባት ነው። በሶብላው በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ዳማከሴ ግን ብርዱን ካሳለፈ ለዓመታት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው። ወደ ማሰሮ ላዛውረው አስቤያለሁ፣ ግን ከማዛወሬ በፊት ምን ያህል ልከርክመው? መስኮት ዳር ያለው ብርሃን ይበቃዋል ወይስ መብራት ልግዛለት? ብርዱን ቤት ውስጥ ያሳለፈላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።