ያልተመታ ከበሮ

ሰሞኑን ጆሮዬ ከእንግሊዙ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ከኪንግ ክሪምሰን አልላቀቅ ብሏል። ባንዱ ብዙ ዘመን አለው፤ እኔን የያዘኝ የ1973 እና የ1974ቱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጊታር ሮበርት ፍሪፕ፣ ቤዝና ድምፅ ጆን ዌተን፣ ከበሮ ቢል ብሩፎርድ፣ ቫዮሊን ዴቪድ ክሮስ። ዌተንና ብሩፎርድ አንድ ላይ ሲነሱ ግድግዳ ያፈርሳሉ። ምስኪኑ ክሮስ በቫዮሊኑ ከእነሱ በላይ ለመሰማት ሲታገል ነው የኖረው።

እነዚሁ ጉልበተኞች ኖቬምበር 1973 አምስተርዳም መድረክ ላይ ሳሉ፣ ያልተጻፈና ያልተለማመዱት ነገር እዚያው መጫወት ጀመሩ። በኋላ «ትሪዮ» ተብሎ በ1974ቱ አልበማቸው «ስታርለስ ኤንድ ባይብል ብላክ» ላይ ወጣ። ክሮስ በስሱ ይጀምራል። ዌተን በቤዙ ከሥር ይከተለዋል። ፍሪፕ ጊታሩን ትቶ ሜሎትሮን የተባለ ኪቦርድ ላይ ነው፤ የፍሉት ድምፅ ያወጣል። ብሩፎርድ ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቁጭ ብሏል። አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልኩ እጠብቃለሁ። አይገባም። አንዲት ምት ሳይመታ ሙዚቃው ያልቃል።

አልበሙ ሲወጣ ታዲያ ባልደረቦቹ የብሩፎርድን ስም ከደራሲዎቹ መሀል አሰፈሩት። ዝም ማለቱን እንደ ድርሻ ቆጠሩለት። የደራሲነት ድርሻ ማለት እኮ ገንዘብ ነው፤ ባንዶች በዚህ ጉዳይ ስንቴ ተጣልተው ተበትነዋል። ላልመታ ከበሮ መቺ ከኪሳቸው ቆርሰው ሰጡት። እኔ ከዚህ የበለጠ የሙዚቃ ጨዋነት አላውቅም።

ፕሮግረሲቭ ሮክን የማይወዱ ሰዎች ክሳቸው የታወቀ ነው። ይረዝማል፣ ይንዛዛል፣ ሁሉም ጣቱን ለማሳየት ይሽቀዳደማል። ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ለአንዳንዱ አልበም እኔ ራሴ ምስክር እቆማለሁ። ግን እኔን ከዚህ ሙዚቃ ጋር ያቆራኘኝ ሌላ ነገር ነው። ሁሉን መጫወት የሚችል ሰው እጁን ሲሰበስብ ማየት እወዳለሁ። የማይችል ሰው ቢተው ምን ይደንቃል? የሚችል ሲተው ነው ነገሩ።

ሜሎትሮንን ካነሳሁ አይቀር፣ ያ መሣሪያ ራሱ ልክ የሚያስተምር ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቁራጭ የቴፕ ክር አለ። ክሩ ላይ እውነተኛ ቫዮሊን ወይ ፍሉት ወይ ኳየር ተቀርጿል። ቁልፉን ስትጫን ክሩ ይሄዳል። ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል፤ እጅህን ካላነሳህ ጸጥ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ዘፋኝ የት እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የዛሬ ኪቦርድ ያንኑ ድምፅ እስከ ነገ ይይዝልሃል። ለእኔ ጣዕሙ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ «ስታርለስ» ልግባ። የምላት በ1974 «ሬድ» የተባለው አልበም መዝጊያ የሆነችውን ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ታልፋለች። መግቢያዋ ሐዘን ነው። ሜሎትሮኑ ከታች ይዘረጋል፣ የፍሪፕ ጊታር ዜማውን ያወጣል፣ ዌተን ይዘፍናል። ድምፁ ሲያበቃ ቤዙ ብቻውን አስራ ሦስት እየቆጠረ መዞር ይጀምራል። ፍሪፕ በሁለት ክር ላይ አንዲት ኖታ ያነሳል። ያችኑ ይደግማታል። አሁንም ያችኑ። ቆይቶ ትንሽ ከፍ ያደርጋታል፤ ደግሞ እዚያው ይቆማል። ብሩፎርድ መጀመሪያ ላይ ከበሮው መኖሩን እንኳ የሚያስረሳ ቅንጥብጣቢ ድምፅ ነው የሚያሰማው። እየቆየ ይጠጋል፣ ይከብዳል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ፍሪፕ ያኔም ከምድራችን ፈጣን ጊታሪስቶች አንዱ ነበር። ሶሎ ቢያወርድ ማንም አይከለክለውም። አያወርድም።

ይህችን ለአንድ ወዳጄ ልኬለት ነበር። መሀሉ ላይ ሲደርስ «ጊታሪስቱ ምን ሆኖ ነው? ሌላ ኖታ አላስተማሩትም እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። «ታገስ ባክህ» አልኩት። ከዚያ ሳክስፎኑ ፈነዳበት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልጻፈም። በኋላ «በስማም» ብቻ ብሎ ላከ።

በነገራችን ላይ እዚያ ላይ ሳክስፎን ከሚጫወቱት እንግዶች አንዱ ኢያን ማክዶናልድ ነው። በ1969 ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ የመጀመሪያው አልበም በወጣ በሁለት ወሩ ጥሎ የሄደ። ተመልሶ የመጣው ለዚያ ዘመን የመጨረሻ አልበም ነው። ሸክላው ገበያ ከመድረሱ በፊት ፍሪፕ ባንዱን በተነው። በሰባት ዓመቱ ከብሩፎርድ በቀር በሌሎች ሰዎችና በሌላ ድምፅ ተመለሰ፤ ያ የራሱ ወግ ነው።

ብሩፎርድን ሳስብ ሁሌ የምገረምበት ሌላ ነገር አለ። በ1972 «የስ» የተባለውን ባንድ ጥሎ የወጣው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» የተባለውን አልበም ቀርጾ እንደጨረሰ ነው። ባንዱ ሊነግሥ አንድ እርምጃ ሲቀረው ማለት ነው። ገንዘቡ እዚህ፣ ፈተናው ኪንግ ክሪምሰን ጋ። ፈተናውን መረጠ። ቦታውን የተረከበው አለን ዋይት ደግሞ ያንን ሁሉ የተወሳሰበ ሥራ በጥቂት ቀን አጥንቶ መድረክ ወጣ። ለሱም ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ከአልበሙ ጋር አንድ ስም ያለውን ዘፈን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን ሰዎች የሚያወሩት ስለ መክፈቻው ግርግር ነው። የአእዋፍና የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ። እውነት ነው፣ የስቲቭ ሃው ጊታር እዚያ ላይ ሰው ያስደነግጣል። እኔ ግን ልቤ መሀሉ ላይ ነው። ከበሮው ይጠፋል፣ ድምፆች ይደራረባሉ፣ ሪክ ዌክማን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይለቃል። የዘፈኑ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚቆመው በዚያ ጸጥታ ላይ ነው። እሱን ቆርጠህ ብታወጣው የቀረው ጫጫታ ነበር የሚሆነው።

በዓመቱ ያወጡት «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ላይ ግን ማንም እጁን አልሰበሰበም። ሁለት ሸክላ፣ አራት ፊት፣ አራት ዘፈን፣ ከሰማንያ ደቂቃ በላይ። ዌክማን ራሱ አላመነበትም ነበር። በአንድ ኮንሰርት ላይ ባንዱ እየተጫወተ እሱ ኪቦርዱ ላይ ካሪ ሲበላ እንደነበር ራሱ እየሳቀ ሲያወራው ኖሯል። በ1974 ለቀቀ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ግማሹ የባንዱ ቁንጮ ነው ይላል፣ ግማሹ የውድቀቱ መጀመሪያ። የኔ ፍርድ አጭር ነው። የመጀመሪያውና የአራተኛው ፊት ይቀመጡልኝ። የመሀሉን ሁለት ለወደደ እሰጣለሁ። በአራተኛው ላይ የክሪስ ስኳየር ቤዝ አለና እሱን የሚነካብኝ እንዳይኖር። ያ ሰውዬ ቤዝን ከጓሮ አውጥቶ ሳሎን ያስቀመጠ ነው። በ2015 እስኪሞት ድረስ ከባንዱ አልበም አንዱም ያለሱ አልወጣም።

ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር ስለተባለው ባንድ ብዙ አልልም። ኪት ኤመርሰን ሐሞንድ ኦርጋኑ ላይ ቢላ ይሰካ ነበር፤ ቢላውንም የሰጠው ያኔ የባንድ ዕቃ ተሸካሚ የነበረው፣ በኋላ ሞተርሄድ የተባለውን ባንድ የመሠረተው ሌሚ ነው። ታሪኩን እወደዋለሁ። አልበሞቹን ግን ስጀምር እንጂ ስጨርስ ብዙ አላውቅም። የግሬግ ሌክ ድምፅ በጊታር ብቻ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጄትሮ ታል ጋ ደግሞ ቀልድ አለ። ተቺዎች የ1971ዱን «አኳላንግ» አንድ ወጥ ታሪክ ያለው አልበም ነው ብለው ድርቅ ሲሉ የባንዱ መሪ ኢያን አንደርሰን አይደለም ቢል ማን ይስማው። «ወጥ ታሪክ ፈለጋችሁ? እንካችሁ» ያለ ይመስላል። በ1972 «ቲክ አዝ ኤ ብሪክ» መጣ። ሙሉ አልበሙ አንድ ዘፈን ነው፣ የሚቋረጠው ሸክላው ሲገለበጥ ብቻ። ሽፋኑ እውነተኛ የሚመስል የአገር ቤት ጋዜጣ ነው፣ የሚነበብ፣ ከነወሬው። ግጥሙ የስምንት ዓመት ልጅ ድርሰት ነው ተባለ፤ ልጁ ግን ፈጠራ ነው። ማላገጫ ተብሎ የተሠራው ነገር አሜሪካ ውስጥ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከምር የተሠሩትን ብዙዎቹን ሲያስከነዳ እሰማዋለሁ።

ጄነሲስ ላይ ሲደረስ የማይጣላ የለም። ፒተር ጋብሪኤል በ1975 ሲሄድ ባንዱ አበቃ የሚሉ አሉ። ፊል ኮሊንስን በሰማንያዎቹ የፍቅር ዘፈን ብቻ የሚያውቁት ደግሞ ከበሮ መምታቱን ስትነግራቸው ይስቃሉ። እስቲ የ1976ቱን «ኤ ትሪክ ኦፍ ዘ ቴይል» ይክፈቱና ከበሮውን ብቻ ይከተሉ። ሳቁ ይቀራል።

ለእኔ ግን የጄነሲስ ሰው ስቲቭ ሃኬት ነው። በ1973ቱ «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ» ላይ «ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ» የሚባል ሥራ አለ። ቶኒ ባንክስ በፒያኖ ይከፍተዋል። መሀል ላይ ጋብሪኤል አንዲት ዜማ በፍሉት ያሰማና ያልፋል። ቆይቶ ሃኬት ያችኑ ዜማ በጊታር ያነሳታል። ፍጥነት የለም። አንዷን ከፍተኛ ኖታ ይይዝና አልለቅም ይላል፤ ሜሎትሮኑና ከበሮው ከሥሯ ሲንቀሳቀሱ እሷ እዚያው ናት። ይህ ሰው እኮ ጊታሪስቱ ቫን ሄለን ዓለምን ከማስደነቁ ከዓመታት በፊት በሁለት እጁ የጊታሩን አንገት ይነካካ የነበረ ነው። ያን ሁሉ ጥበብ ኪሱ ከትቶ የሌላ ሰው ዜማ በቀስታ ተጫወተ። ጊታሪስቱ ሲጫወት ተቀምጦ ነበር፣ አይታይም ነበር፤ ሰው ሁሉ ጋብሪኤልንና አልባሳቱን ነው የሚያየው።

ፒንክ ፍሎይድ ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጭቅጭቅ አያገባኝም። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» (1975) ካለ ይበቃኛል። ሰው ጊታሪስቱን ዴቪድ ጊልመርን ያደንቃል፣ ይገባዋል። እኔ ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ነው የሚያንገበግበኝ። አልበሙ ሲከፈት ያ እንደ ጭጋግ የሚዘረጋው ድምፅ የሱ ነው። ጊልመር ከብዙ ደቂቃ በኋላ አራቷን ኖታ ጣል ሲያደርግ የሚያስደነግጡት ራይት ቦታውን ስላመቻቸላቸው ነው። «ዘ ዎል» ሲሠራ ከባንዱ አስወጡት። ከዚያ ለኮንሰርቶቹ በደመወዝ ቀጠሩት። ኮንሰርቶቹ ከሰሩ፤ ኪሳራውን ባለቤቶቹ ሲጋሩት ትርፍ ይዞ የወጣው ደመወዝተኛው ራይት ብቻ ሆነ። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ ደስታ ትንሽ ክፋት ሳይኖርበት አይቀርም።

ራሽ የተባለው ባንድ ላይ ደግሞ ከበሮ መቺውን ኒል ፐርትን ላንሳ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ የሮክ ከበሮ መቺዎች ሁሉ ቁንጮ ተብሎ ሳለ፣ ፍሬዲ ግሩበር ከተባለ ሽማግሌ የጃዝ ሰው ዘንድ ሄዶ ተማሪ ሆነ። ዱላ አያያዙን እንኳ ቀየረ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ስም።

ከኋለኞቹ ድሪም ቲያትርን አከብራለሁ። «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ» (1992) እስከ ዛሬ አልደበዘዘብኝም። ግን ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺና ኪቦርዲስቱ ጆርዳን ሩደስ ሲሯሯጡ እኔ ነኝ የሚያልበኝ። ይልቅ ስቲቨን ዊልሰን ይሻለኛል፤ በባንዱ በፖርኪዩፓይን ትሪም፣ የቆዩትን አልበሞች እንደገና ሚክስ በማድረጉም። የኪንግ ክሪምሰንን፣ የየስን፣ የጄትሮ ታልን፣ የጀንትል ጃይንትን ቴፖች ከፍቶ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው የሰማ ሰው ነው። የሱ «ሬድ» ላይ የብሩፎርድ ሲምባሎች አየር አግኝተዋል። በ2002 «ኢን አብሴንሺያ» ላይ ፖርኪዩፓይን ትሪን የተቀላቀለው ከበሮ መቺ ጋቪን ሃሪሰንም ከብሩፎርድ ወገን ነው። መቼ መተው እንዳለበት ያውቃል። በኋላ እሱም ኪንግ ክሪምሰን መግባቱ አልገረመኝም።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ቀጥሎ ልሰማ ያወጣሁት ቫን ደር ግራፍ ጄኔሬተር የተባለውን ባንድ መሆኑ ያስቀኛል። የ1971ዱ «ፖን ሃርትስ»። ዘፋኙ ፒተር ሃሚል እጅ መሰብሰብ የሚባል ነገር አያውቅም። ያንሾካሹካል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ስንኝ። ዴቪድ ጃክሰን ሁለት ሳክስፎን በአንድ አፍ ይነፋል። ሂዩ ባንተን ኦርጋኑን በእጁ፣ ቤዙን በእግሩ ይጫወታል። ሁለተኛው ፊት ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለ አንድ የመብራት ማማ ጠባቂ ነው፣ ጠባቂውም ቀስ በቀስ አእምሮውን ይስታል። ልከኝነት የሚባል ነገር አንዲት ጠብታ የለበትም። ከላይ ካልኩት ሁሉ ጋር ይጋጫል። ይጋጭ። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።