ሴራምፑር ዋልኩላችሁ

ከኮልካታ ሃውራ ጣቢያ ባቡር ይዤ ሴራምፑር ወረድኩ። ሁግሊ ወንዝ ዳር ያለች አሮጌ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1755 እስከ 1845 የዴንማርክ ነበረች፣ አዎ የዴንማርክ! ሕንድ ሲባል እንግሊዝ ብቻ ለሚታየን ሰዎች ግርም ይላል። የቅዱስ ኦላቭ ቤተ ክርስቲያን ግንባር ላይ የንጉሥ ክርስቲያን 7ኛ የስም ምልክት አሁንም አለ፣ ከሥሩ ሪክሾና ሞተር ሳይክል ይጋፋል። እኔን የያዘኝ ግን ኮሌጁ ነው። ዊልያም ኬሪ፣ ድሮ ጫማ ሰፊ የነበረው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ፣ ከጓደኞቹ ጋር በ1818 ያቋቋመው፣ ትልልቅ ዓምዶች ያሉት፣ ፊቱን ለወንዙ የሰጠ ሕንፃ። ማተሚያ ቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስን በቤንጋሊኛና በብዙ ሌሎች ቋንቋዎች አትሟል፣ ያውም የፊደሉን ቅርጽ በእጅ እያስቀረጹ፤ እስቲ አስቡት! ከዚያ በ1786 የተከፈተውና ታድሶ ካፌ የሆነው የዴንማርኮች መጠጥ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ። ኮልካታ የምታልፉ ካላችሁ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ብቅ በሉ።