ለጓሮዬ እንጨት ሥራ ማሽን ስመርጥ

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ጣውላ የሚልግ፣ ቅርጽም የሚያወጣ ማሽን። መላጊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ገበያ ወጥቼ፣ ኪሴን አይቼ እገዛና እገላገል ነበር። የበር ክፈፍና ዞኮሎ እዚሁ ጓሮዬ ማውጣት ስፈልግ ነው ነገሩ የከበደው።

ነገሩን ያመጡት እትዬ ናቸው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤታቸው የድሮ ነው። በሮቹ ዙሪያቸውን ቅርጽ ባለው ክፈፍ ተከበዋል፤ የአንደኛውን በር ግማሹን ምስጥ በልቶታል። አዲስ በር አይፈልጉም። «ልጄ፣ ቁርጥ ያንኑ አስመስልልኝ» ነው ያሉኝ። ከተረፈው ላይ አንድ ቁራጭ ይዤ መጥቼ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጫፉ ላይ ክብ ጉብታ አለው። ቀጥሎ ጠባብ ቦይ፣ ከዚያ በቀስታ የሚወርድ ሰፊ ጎድጓዳ፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ያለ ከንፈር። ቀለሙን በቢላ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ክሬም ወጣ። ጎድጓዳው ውስጥ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ የእጅ መላጊያ ዱካ አለ። ሠሪው ጊዜ ወስዶበታል።

ዛሬም በእጅ ማውጣት ይቻላል። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ያየ ሰው፣ ያለ ማሽን ምን ያህል እንደሚሠራ ይገባዋል። የጅማ በርጩማም ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። የእኔ ችግር ርዝመት ነው። ሦስት ሜትር የሚሆን ክፈፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ማዕዘኑ ላይ ከአሮጌው ጋር ምንም ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቁራጭ ይዞ ቢመጣም እንደዚሁ።

ማሽን ከመምረጤ በፊት አንድ ነገር ለራሴ ግልጽ ማድረግ ነበረብኝ። ብዙ ሰው ፕላነር፣ ማለትም ጣውላ እየጎተተ ከላይ የሚልግ ማሽን፣ ከገዛ የተጣመመ ጣውላ የሚቀናለት ይመስለዋል። አይቀናም። ጣውላውን ጎትተው የሚያስገቡት ሮለሮች ተጭነው ለጊዜው ያስተኙታል፤ በሌላ በኩል ሲወጣ ተመልሶ ይጣመማል። ሳስቶ ይወጣል እንጂ ቀንቶ አይወጣም። ለማቅናት ሌላ ዓይነት ማሽን አለ፤ ከሥር የሚላገው፣ ረጅም ጠረጴዛ ያለው። ለእሱ ቦታም ገንዘብም የለኝም። መላ ግን አለው። ቀጥ ያለ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ ጣውላውን አስቀምጦ፣ ክፍተቱን በቀጫጭን ሽብልቅ ሞልቶ፣ አብሮ በፕላነሩ ማሳለፍ። አንዱ ፊት ከቀና በኋላ ገልብጦ ሌላውን መላግ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይሠራል።

ወደ ማሽኖቹ ልመለስ። በብዛት የሚታወቀው ትንሹ የማኪታ ፕላነር ነው፤ 2012 የሚባለው። 304 ሚሊ ስፋት ይቀበላል፣ 1650 ዋት ነው፣ በደቂቃ 8500 ይዞራል፣ ጣውላውን በደቂቃ 8.5 ሜትር ያስገባል። ሁለት ቢላ ስላለው በደቂቃ 17,000 ጊዜ ይቆርጣል። ይህ ለአንድ ሜትር 2000 ቆረጣ ነው፤ በየግማሽ ሚሊው አንድ። ለጠፍጣፋ ጣውላ ከበቂ በላይ ነው። ለመላግ ብቻ ብፈልገው ኖሮ ሳላመነታ እሱን እገዛ ነበር። ነገር ግን ቅርጽ ያለው ቢላ አይቀበልም፤ የሚጎትትበትን ፍጥነት መቀነስም አይቻልም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ፍጥነት ሆኗል። የቅርጽ ቢላ በአንድ ጊዜ ብዙ እንጨት ይገምጣል። ጣውላው ቶሎ ከገባበት ይነጨዋል፤ በተለይ ክሩ የተጠላለፈ እንጨት ከሆነ። ሁለት ቢላ ይዞ በደቂቃ 7000 የሚዞር ማሽን ጣውላውን በ4 ሜትር ፍጥነት ቢስብ፣ ቆረጣው በየ0.3 ሚሊው ገደማ ይሆናል። እንደዚያ የወጣ ክፈፍ የብርጭቆ ወረቀት ብዙም አይፈልግም። ጎድጓዳ ነገር በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳኛል። ጠርዙ ሁሉ ይሞታል። ስለዚህ መላግንም ቅርጽ ማውጣትንም የሚችል፣ ጣውላ የሚጎትትበት ሞተር ለብቻው የሆነና ፍጥነቱ የሚስተካከል ማሽን ነው የምፈልገው።

እንዲህ ያሉትን አሜሪካኖች ለትንንሽ ወርክሾፕ ብለው ሲሠሩ ቆይተዋል። ውድማስተር አለ፤ ዊሊያምስ ኤንድ ሀሲም አለ። ሁለተኛው አንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ከራሱ የሰፋ ጣውላ እንኳ አዙሮ ማሳለፍ ይቻላል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ከዚያ የመጣ ማሽን ሞተሩ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ነው። 220 ቮልት የሚል ስለተጻፈበት ብቻ አይገዛም። ብሩሽ የሌለው ሞተር ከሆነ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ይሞቃልም። የሞተሩን ታርጋ ሳላነብ ብር አላወጣም። ሦስት ፌዝ የሚፈልገውንም ትቼዋለሁ፤ የግቢያችን ቆጣሪ አንድ ፌዝ ነው። 3 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ለብቻው በተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ይበቃኛል።

መንደራ ኮቺ በኩል አንድ አዛውንት አናጢ አሉ። ያገለገለ ማሽን ላይ እንዳስብ የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። «ቀለሙን አትይ፤ ባዶውን አስነሳና ጠረጴዛው ላይ የ1 ብር ሳንቲም በጠርዙ አቁም። ከወደቀ ተሰናብተህ ውጣ» አሉኝ። ከዚያ ሮለሮቹን በእጅ ማዞር፣ ቢላ የሚሸከመውን ግንድ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ አድርጎ ማየት። የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ማለቁ ብቻውን አያስፈራኝም። 6205ን የመሰለ የታወቀ ቁጥር ከሆነ ጅማም ይገኛል። ቺንጋውም እንደዚሁ። የሚያስፈራኝ በልዩ ትእዛዝ ብቻ የሚመጣ ጥርስ ወይም ሰንሰለት ነው። እሱ ቢሰበር ማሽኑ ቁም ሣጥን ሆነ ማለት ነው።

ስለ ቢላው በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የእትዬን ቅርጽ የሚያወጣ ቢላ ተዘጋጅቶ አይሸጥም፤ በልክ መሞረድ አለበት። ከመኪና ባሌስትራ ላይ ቆርጠው የሚሞርዱ አሉ። እኔ አላደርገውም፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። በደቂቃ 7000 የሚዞር ብረት ቢሰነጠቅ የሚሄድበት አይታወቅም፤ ከማሽኑ ፊት የቆመው ደግሞ ሰው ነው። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ብረት ገዝቼ፣ ቅርጹን በቆርቆሮ አውጥቼ፣ ሞርዶ ለሚያውቅ እሰጣለሁ። ሁለቱ ቢላዎች ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ግንዱ ይንቀጠቀጣል። የሱቅ ሚዛን ለዚህ አይሆንም። ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዝናቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምጨነቀው ስለ እንጨቱም ነው። የድሮው ክፈፍ ዋንዛ ነው። ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ደግም አደረገ። ቤቴ ያለው ዋንዛ ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው፤ ካለቀ ሌላ አላገኝም። መጥፎ ፕላነር ደግሞ የጣውላውን ጫፍ ሲገባና ሲወጣ ወደ ውስጥ ይበላዋል። ከእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ አንድ አንድ ስንዝር ቆርጦ መጣል ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከባድ፣ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ማሽን እፈልጋለሁ። ለአዳዲስ ዞኮሎ ግራቪሊያ እጠቀማለሁ። የቡና ጥላ ሆኖ ስለሚተከል በየገበሬው ማሳ አለ፣ ደርቆ ሲላግም ያምራል። የጅማ ዝናብ ግን ለማድረቅ ምቹ አይደለም። ከክረምት በፊት ደርድሬ፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት አግብቼ፣ ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር አቆየዋለሁ። ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ የሚለውን የድሮ ልማድ አከብራለሁ።

ሰጋቱራው ሌላ ራስ ምታት ነው። ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን በአንድ ከሰዓት ጆንያ ይሞላል። የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም ደረጃ ተመዝግቧል። ጎረቤቴ ደግሞ ሕፃን ልጅ አላት። መምጠጫ ሳልገጥም አንዲት ጣውላ አላስገባም ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ።

ውሳኔዬ እንዲህ ሆኗል። ሰፊ ማሽን አልገዛም፤ ከ30 ሴንቲ በላይ ጣውላ የሚያልፍበት ሥራ የለኝም። ፍጥነቱ የሚስተካከል፣ አንድ ፌዝ፣ 50 ኸርዝ፣ ያገለገለም ቢሆን ከባድ የሆነውን እወስዳለሁ። ከስፋቱ የተረፈኝ ብር ለመምጠጫውና ለሁለት ጥንድ ቢላ ይሆናል፤ አንዱ የእትዬ፣ ሌላው ተራ ዞኮሎ። መርካቶ ያለው ሻጭ ሐሙስ በእንጨት ላይ ያስሞክረኛል ብሏል። ከግራቪሊያው አንድ ቁራጭ፣ ካሊፐርና የ1 ብር ሳንቲም ይዤ እሄዳለሁ።