ኔትወርኩ ለምን እንደጠፋ ይጻፍልን

ድሬዳዋ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም የሚጠይቀው «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ነው። ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ባለ ባጃጁ ነዳጅ ቀድቶ በስልኩ መክፈል አቅቶታል። ባንኩ «ሲስተም የለም» ብሏል። ታይዋን ገበያ ያለችው ነጋዴ ብሩ ይግባ አይግባ ሳታውቅ ደንበኛዋን ይዛ ቆማለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። ለምን ጠፋ? ምክንያቱን ማን ጻፈው? ከተጻፈስ ማን አነበበው?

ሥራዬ ፋይበር ነው፤ መረጃ በብርሃን የሚያሳልፈው ቀጭን የመስታወት ገመድ። በንዑስ ኮንትራት ከሚሠሩ ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ነኝ። የተቆረጠ እንቀጥላለን፣ አዲስ እንዘረጋለን። አንዳንዴ መልካ ጀብዱ፣ አንዳንዴ ደንገጎን ወጥተን ሐረር እንውላለን። የድርጅት ስም አላነሳም። የማወራው ነገር የአንድ ድርጅት ችግር አይደለምና።

ባለፈው ግንቦት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ እስካቫተር ኬብል ይዞ ወጣ። ቦዩ የሚቆፈረው ለውሃ ቧንቧ ነበር። ስንደርስ ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሏል። «አቦ እኔ ምን ላድርግ? እዚህ ጋ ኬብል አለ ያለኝ የለም» አለን። እውነቱን ነው። ካርታ የሰጠው የለም። ከኬብሉ በላይ መቀበር የነበረበት የማስጠንቀቂያ ላስቲክም እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም። ላስቲኩ ቢኖር ኖሮ ባልዲው መጀመሪያ እሱን ይዞ ይወጣና ሰውየው ይቆም ነበር።

የተቆረጠ ፋይበር መቀጠል እንዴት እንደሆነ ያላየ ሰው ገመድ መቋጠር ይመስለዋል። ኬብሉ ተጎትቶ ስለተበጠሰ ጫፉ ላይ መቀጠል አይቻልም። በሁለቱም በኩል ደህናው እስኪገኝ መቆፈር አለብህ። ከዚያ ጥላ ትዘረጋለህ። አቧራ ከገባ ሥራው ተበላሸ፤ የድሬ ንፋስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይምርም። የውጭውን ልባስ ትገፋለህ፣ ጄሉን ትጠርጋለህ፣ መስታወቱን በአልኮል ታጸዳለህ። የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር እንደማለት። ጫፉን ቀጥ አድርገህ ትቆርጥና ማሽኑ ውስጥ ትከተዋለህ። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች አስተካክሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣቸዋል። ይሄ ለአንዱ ነው። ኬብሉ ውስጥ ደግሞ ብዙ አሉ።

የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚነግረን ቀለሙ ነው። ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ እያለ እስከ 12 ይሄዳል። ያን ኬብል የዘረጉትን ሰዎች አላውቃቸውም። እነሱም እኔን አያውቁኝም። ግን በአንድ ቅደም ተከተል ስለሠራን ማንንም ሳልጠይቅ ሰማያዊውን ከሰማያዊው አገናኘሁ። ይህን ቅደም ተከተል አንድ ኩባንያ ለብቻው ይዞት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሳቢያን ሲመሽም ኔትወርክ አያገኝም ነበር። ተፎካካሪ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ተቀምጠው ስለተስማሙበት ነው የሁላችን የሆነው።

የጥገናው መንገድ የጋራ ከሆነ የብልሽቱ ምክንያት ለምን የጋራ አይሆንም? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም ወደዚህ ሐሳብ የመጣው ተጎድቶ ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው ኩባንያ የረጅም ርቀት ስልክ ለ9 ሰዓት ያህል ተንገዳገደ። ኒውዮርክ ያለ አንድ ማዞሪያ፣ ማለትም ጥሪዎችን የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ትንሽ እክል ገጠመውና ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ይህ የተለመደ ነው። ሲነሳ ግን ለጎረቤት ማዞሪያዎች «ተመልሻለሁ» የሚል መልእክት ላከ። በእነሱ ላይ በቅርቡ የተጫነው ሶፍትዌር ስህተት ነበረበት። ስለዚህ እነሱም ራሳቸውን አጥፍተው ተነሱ። በተራቸውም «ተመልሰናል» አሉ። እንዲህ እየተቀባበሉ ጣጣው ለ114ቱም ማዞሪያዎች ተዳረሰ። መስመር አልተቆረጠም፤ መብራት አልጠፋም። መረቡን ያስተኛው አንድ የሶፍትዌር እድሳት ነው።

በ1991 ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢና ሎስ አንጀለስ የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ። ድርጅቶቹ የተለያዩ ነበሩ። የጥሪ ምልክት የሚያስተላልፈው መሣሪያቸው ግን ከአንድ አቅራቢ የተገዛ ነበር፤ ስህተቱም አንድ። ይሄን ሳስብ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጎረቤትህ ትናንት የወደቀበት ጉድጓድ አንተ ዛሬ የምትሄድበት መንገድ ላይ ካለ፣ ጎረቤትህ ዝም በማለቱ ማን ተጠቀመ?

በ1992 የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ የኔትወርክ አስተማማኝነት ምክር ቤት አቋቋመ። ገበያ ላይ የሚሻሙ ኦፕሬተሮችና መሣሪያ አምራቾች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የተበላሹትን አንድ በአንድ አዩ። ጎልተው ከወጡት ምክንያቶች አንዱ ረቂቅ ቴክኖሎጂ አልነበረም፤ ቁፋሮ ነው። ልክ እንደ ሳቢያኑ። ከዚያ ወዲህ ስሙም አደረጃጀቱም ቢቀያየርም ሥራው ቀጥሏል። ምርጥ ተሞክሮዎቹ እየተጻፉ፣ ቁጥር እየተሰጣቸው፣ እየታደሱ ይወጣሉ። የጻፏቸው ብልሽቱን በእጃቸው ያዩ መሐንዲሶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚገርመው እነዚህ ተሞክሮዎች ግዴታ አለመሆናቸው ነው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ለበረሃ የሚሠራው ለደጋ ላይሠራ ይችላል። ደግሞ የነገርከው ሁሉ ነገ ቅጣት ሆኖ የሚመለስብህ ከሆነ ማን አፉን ይከፍታል? በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ኦፕሬተሮች ለተቆጣጣሪው የሚያስገቡት የብልሽት ሪፖርት በምስጢር ይያዛል። ባለሙያዎች የሚመክሩበት ከድርጅት ስም የጸዳ ድምር ነው። ማን እንደወደቀ ሳይሆን ምን እንደጣለው ነው የሚታየው። እኛ ጋ «ስማችን ይጠፋል» ብለው ለሚፈሩ አለቆች መልሱ ይሄው ነው።

ከቁፋሮው ጋር በተያያዘ በጣም የምቀናበት ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2007 ወዲህ ጉድጓድ ሊቆፍር ያሰበ ሰው መጀመሪያ 811 ይደውላል። የመስመር ባለቤቶች መጥተው መሬቱ ላይ በቀለም ምልክት ያደርጋሉ። ቀይ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካናማ ቴሌኮም። አንድ ጣሳ ቀለም ነው የሚፈጀው። የሳቢያኑ ኦፕሬተር ያን ብርቱካናማ መስመር ቢያይ ኖሮ አካፋ የያዘ ሰው ያስቀድም ነበር።

የካናዳው ታሪክ ደግሞ ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። ጁላይ 8 ቀን 2022 ሮጀርስ የሚባለው ኦፕሬተር ሙሉ በሙሉ ወደቀ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለ አገልግሎት ቀረ። በካርድ መክፈል እንኳን ችግር ሆነ። መነሻው በማሻሻያ ሥራ ላይ ከአንድ መሣሪያ ላይ የተነሳ፣ የመረጃ ፍሰትን የሚገድብ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ሲነሳ የመረጃ ጎርፍ ዋናውን ማዕከል አጥለቀለቀው። ከዚያ የባሰው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚገናኙት በዚያው በወደቀው ኔትወርክ መሆኑ ነበር። እርስ በርስ ለመነጋገር የተፎካካሪ ድርጅት ሲም ካርድ እስከመላክ ደረሱ። በሴፕቴምበር የአገሪቱ ኦፕሬተሮች ስምምነት ፈረሙ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ደንበኞቹን በአደጋ ጊዜ ሊያስተናግድለት፣ ሊረዳዳ፣ ለሕዝብም በጊዜ ሊነገር።

እንዲህ ያለ ስምምነት ሁለተኛ ኦፕሬተር በሌለበት አገር ትርጉም አልነበረውም። አሁን ግን አለን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር መሠረተ ልማት ይጋራል። ስለዚህ «የእነሱ ኔትወርክ፣ የእኛ ኔትወርክ» የሚለው ወሬ መሬት ላይ ብዙም አያስኬድም። አንዱ ቦታ ላይ የደረሰ ጉዳት ሁለቱንም ሊነካ ይችላል። ለመስክ ሠራተኛ ሁሉ የሁለቱም ሲም ይሰጠው የምለውም ለዚህ ነው። ወጪው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ደግሞም ድሬ ተራ ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ ባሕር ኬብሎች ወደ መሐል አገር የሚመጣው ፋይበር በዚህ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው። ድሮም ቢሆን ይህ አካባቢ ለመስመር አዲስ አልነበረም። በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። እዚህ የሚሠራ ሰው ሥራው ለሰፈሩ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ አለበት።

ከውጭ የሚመጣ ምክር ሁሉ ግን እንዳለ አይወሰድም። ባትሪን ውሰዱ። ሳይት ላይ፣ ማለትም የኔትወርክ ማማው ጋ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚይዘው ባትሪ ነው። አምራቹ ዕድሜውን የሚነግርህ አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዲግሪ ሙቀት ሒሳብ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው በግማሽ ግድም ይቀንሳል። እንግዲህ በድሬ ሰኔ፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለአዲስ አበባ የወጣ የባትሪ መቀየሪያ ፕሮግራም እዚህ አይሠራም። ቮልቴጁን ለክቶ «ደህና ነው» ማለትም አይበቃም፤ ጭነት ላይ አድርገህ ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ካላየኸው የምታውቀው ነገር የለም። ይሄን የድሬ ቴክኒሻን ሁሉ ያውቀዋል። የትም ግን አልተጻፈም። ጅጅጋ ወይም ሎጊያ የሚመደብ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል።

ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝም እንደዚያው ነው። በጋ ላይ አሸዋ ነው፤ ሰው እየተሻገረ ከከዚራ መጋላ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ግን ከተማው አይረሳውም። ብዙ ሰው አጥተናል። ለፋይበር ሰው ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለት መስመር አለኝ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ድልድይ ማሳለፍ አንድ መስመር እንደመያዝ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ሆኖ መሬት ላይ አንድ ቦይ ውስጥ የገባ መስመር በሥራዬ አይቻለሁ። የትኛው ኬብል በየት እንደሚሻገር በአንድ ካርታ ላይ ካልተቀመጠ ደግሞ ሁለቱ ኦፕሬተሮች አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነው ብለው ሲተማመኑ፣ አንድ ጎርፍ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

እዚህ ከተማ ውስጥ ዕውቀት አልጠፋም። የተለያየ ድርጅት ልጆች ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። የትኛው ሳይት ጄኔሬተሩ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው መንገድ ዳር ኬብል ከላይ ከላይ እንደተቀበረ ይነጋገራሉ። ሲነሱ ወሬው እዚያው ይቀራል። አለቆቻቸው ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የሁለቱ ኦፕሬተሮች፣ የመብራት፣ የውሃና የመንገድ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ ይቀመጡ። የሚመጣው ወር ቁፋሮ የት እንደሆነ ይነጋገሩ። ያለፈው ወር ብልሽት የማን እንደሆነ ስሙ ቀርቶ ምክንያቱ ይነበብ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ለጊዜው ይበቃል፤ ቆፋሪው ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ይለጥፍ፣ የመስመር ባለቤቶች «አለን» ወይም «የለንም» ብለው ይመልሱ። የማይመልስ ድርጅት ስም በወሩ ስብሰባ ላይ ይነሳ።

በእኛ ቡድን በኩል ጀምረናል። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ግማሽ ገጽ እንጽፋለን። ቦታው፣ ኬብሉ የተቀበረበት ጥልቀት፣ ላስቲክ መኖር አለመኖሩ፣ ምን እንደቆረጠው፣ ከተነገረን እስክንደርስ የፈጀው ጊዜ። የደንበኛም የቆፋሪም ስም የለበትም። ቅጹን የሚፈልግ የሌላ ቡድን ልጅ ድሬም ይሁን ሐረር ይጻፍልኝ፤ እልክለታለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በደቻቱ የሚሻገሩትን መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር እፈልጋለሁ። የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ድልድይ ይዞ ይምጣ።