ቴርሞሜትሩ ምን አጠፋ?

ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ያሞቃል። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ዘንድሮ 11ኛ ክፍሎችን በተግባር ላሳያቸው ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚሁ ጨው (ከካልሲየም ክሎራይዱ) 10 ግራም፣ ቴርሞሜትር። 20 ዲግሪ የነበረው ውሃ 35 ገደማ መድረስ አለበት። መመሪያው በቢከር ሥሩ ይላል፤ አትስሙት። ብርጭቆው ሙቀቱን ይወስድባችኋል። ሁለት የፎም ኩባያ ደራርቡ።

ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። 20። ትንሽ ቆይቶ 19። ከዚያ 18 ተኩል። ፊት የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ እየቀዘቀዘ ነው እኮ" አለች። አፌ ላይ የመጣልኝ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" የሚል ነበር። ሌላ አመጡ። እሱም 18 ተኩል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጥፋቱ የጠርሙሱ ነበር። ክዳኑ ተሰንጥቆ መደርደሪያ ላይ ከርሟል። ይህ ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ጠዋት ተጓጉሎ፣ ወዝቶ አይቼዋለሁ። በማንኪያ ፈርፍሬ መዘንኩት! ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ጨው የተሠራው ኤሌክትሪክ ሙል ካላቸው ቅንጣቶች፣ ከአዮኖች ነው። አዮኖቹን ከክሪስታሉ ለማላቀቅ ጉልበት ይፈጃል። ውሃ ሲከባቸው ደግሞ ጉልበት ይወጣል። ደረቁ ጨው ላይ የሚወጣው ስለሚበልጥ በአንድ ሞል (በ111 ግራም ገደማ) 81 ኪሎ ጁል ያህል ይተርፋል። የእኔው ግን ለእያንዳንዱ ካልሲየም እስከ 6 የውሃ ሞለኪውል ከአየር ላይ አስቀድሞ ይዟል። ሙቀቱ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ወጥቶ አልቋል። ለእኔ የተረፈኝ የማላቀቁ ወጪ ነው፤ እሱን ደግሞ ከውሃው ሙቀት ይወስዳል።

አዲስ ጨው ከንብረት ክፍል ለማውጣት ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። "ያለው ሳያልቅ አይወጣም" ተባልኩ። ያለው ግማሹ ውሃ ነው ብል ማን ይስማኝ? ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የወጥ ጨው ተጠቀም ያለኝም ነበር። የወጥ ጨው አንድ ዲግሪ ቢያወርድ ነው፤ የኋላ ወንበር ያለ ተማሪ ምን ያያል?

በመጨረሻ ከዚያው ከወዛው ጨው 20 ግራም በብረት ሳህን ከ200 ዲግሪ በላይ አሞቅኩት። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም እየደጋገምኩ መዘንኩ። 10 ግራም ገደማ ቀረ። በደንብ በሚገጥም ዕቃ ዘግቼ አቀዘቀዝኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቴርሞሜትሩን ለዚያችው ልጅ ሰጠኋት።

"34" አለች። ቀጥላም፣ "ቲቸር፣ ተሠራ እንዴ?"