ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት

ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። የአገር ልብስ ይለበሳል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ አዳራሹ በጭፈራ ይሞቃል። ቀኑ የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ስለሆነ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሆይ ሆይታ መሃል ግን ሕገ መንግሥቱን የሚያነሳው ብዙም አይገኝም። የዛሬ ጥቂት ዓመት አለቃችን “ዘንድሮስ ጥያቄና መልስ ይኑር” አሉ። የሕግ ባለሙያው እኔ ነኝና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ጥያቄዎቹን በካርድ ጻፍኩ፣ መልሳቸውን ከጀርባ። ለአሸናፊው ፔርሙዝ ተገዛ።

ለማሟሟቂያ “ከ106ቱ አንቀጾች አንድ የሚጠራልኝ?” አልኩ። ግማሹ አዳራሽ በአንድ ድምፅ “39!” አለ። ሌላስ? ጸጥ። (ስለ 39 መከራከር የማይችል ግን አልነበረም። መገንጠል የሚፈልገው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን እንዳለበት፣ ከዚያም በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ስናገር ደጋፊውም ተቃዋሚውም እኩል ተገረመ።)

“መሬት የማን ነው?” ስል የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን አንብቤ ሳልጨርስ “የመንግሥት!” አለ። ካርዱ “የመንግሥትና የሕዝብ” ይላል። ያው ነው ብዬ ነጥብ ሰጠሁት። ይህችን ያዙልኝ።

ቀጥዬ “በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት?” አልኩ። አንዱ “24” አለ፤ ፊልም ላይ አይቶ ይሆናል። ያኔ ከረከቦቱ ጀርባ ማዘር እጃቸውን አወጡ። ማዘር የምንላቸው ኮሪደራችንን የሚያጸዱትን፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ቡናውን የሚያፈሉትን እናት ነው።

“ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት። የመንገዱ ሳይቆጠር።”

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካርዴ ላይ ያለው “48 ሰዓት” ነው፤ መንገድ የሚባል ነገር የለበትም። “ተጠግተዋል ማዘር፣ ግን አልተሟላም” ብዬ አለፍኳቸው። ፔርሙዙን የሒሳቡ ሰው በአንድ ነጥብ በልጦ ወሰደው።

ከበዓሉ በኋላ ቢሮዬ ገብቼ፣ ምን እንደከነከነኝ እንጃ፣ አንቀጽ 19ን ገለጥኩ። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ 48 ሰዓቱ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ እንደማይጨመርበት ተጽፏል። ካርዱን የሞላሁት ሕጉን ገልጬ ሳይሆን ከተማሪነቴ በቀረችኝ ትዝታ ነበር። ለሒሳቡ ሰው “የሕዝብ” የምትለዋን ያህል ነገር ይቅር ስል፣ ሙሉውን የመለሱትን ሴትዮ ጎዶሎ አደረግኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩን ሲወለውሉ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። የት እንደተማሩትም ጠየቅኋቸው።

“የት እማራለሁ ልጄ፣ ጣቢያ በር ላይ ነዋ።”

ልጃቸው በሰፈር ጠብ ተይዞ ስንቅ ሲያመላልሱ፣ ወረፋው ላይ የቆሙት እናቶች ናቸው ሰዓቱን ያስቆጠሯቸው። አንደኛዋ ልጇ ከክፍለ ሀገር ተይዞ የመጣባት ነበረች፤ በጠየቀች ቁጥር መርማሪው “የመንገዱ አይቆጠርም” እያለ ይመልሳታል። ሁለቱ ቀን ሲያልፍ ለማዘርም ያችኑ መለሰላቸው።

“እኔ ደግሞ ‘የኔ ልጅ የተያዘው ከፍርድ ቤቱ ማዶ ነው፤ አስፋልት ለመሻገር ስንት ቀን ይፈጃል?’ አልኩታ።”

“እሺ፣ ከዚያስ?”

“ከሰዓት አቀረቡት።”

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከሩት። እኔ ከኪሴ ሌላ ፔርሙዝ ልግዛልዎ ብል እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

“ተወው ልጄ፣ ፔርሙዝስ አለኝ። ያኔ ለስንቁ ብዬ የገዛሁት።”