በ41ኛው ደቂቃ ስኒው ገጠመ፦ ከአፍ የሚዘገይ ድምፅን ያስተካከልኩበት መንገድ

ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ፣ የቪዲዮው 41ኛ ደቂቃ ላይ፣ አያቴ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ ስታስቀምጥ እጇና ድምፁ እኩል ገጠሙ። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ለዚህች ቅጽበት ነው። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ደግሞ ያልፈታሁት ነገር ስላለ እሱን እግረ መንገዴን እጠይቃችኋለሁ።

ኤዲቲንግ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። በስልክ በካፕካት ጀመርኩ፣ የልደትና የምርቃት አጫጭር ቪዲዮዎችን ስቆራርጥ ነበር። ከዚያ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ደረሰኝ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነፃውን ጫንኩበት። ራሙ 8 ጊጋ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቪዲዮው እየተንገጫገጨ አላስሠራ ብሎኝ ነበር፤ ፕሮክሲ መሥራት ስለምድ ተገላገልኩ። ፕሮክሲ ማለት ለሥራው ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ ነው፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ዋናው ፋይል ይመለሳል። የአማርኛ ጽሑፍም ሳጥን ሳጥን እየሆነ አስቸግሮኝ ነበር፣ ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ስቀይረው ተስተካከለ። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ የአያቴ ቪዲዮ ነው። 81 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ በጭነት መኪና አዲስ አበባ እንዴት እንደገባች፣ የመጀመሪያ ቀን የት እንዳደረች፣ ማን እህል እንዳቀመሳት ቡና እያፈላች ነገረችኝ። 47 ደቂቃ ሳላቋርጥ በስልኬ ቀረጽኳት። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አይገኝም፣ ብትደግመውም ያው አይሆንም።

ሪዞልቭ ላይ ሳስገባው መጀመሪያው ልክ ነው። አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ የሆነ ነገር ቅር ይላል ግን ምን እንደሆነ አይያዝም። 30ኛው ላይ ከንፈሯ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። 41ኛው ላይ ስኒውን አስቀምጣ እጇን አንስታ ነጠላዋን መሳብ ስትጀምር ነው “ቀጭ” የሚለው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ላፕቶፕሽ አቅም አንሶት ነው” አለኝ። አምኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ድምፁን እየቆረጥኩ ወደፊት መሳብ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ይህንን ብቻ ነው የሠራሁት። አንዱን ሳስተካክል ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። አንድ ማታ ከ60 በላይ ቁርጥራጭ ቆጥሬ ላፕቶፑን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እዚያ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

መውጫው የተገኘው በሁለት ቀላል ፍተሻ ነው። አንደኛ፣ ያልተነካውን ዋናውን ፋይል ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቼ 41ኛው ደቂቃ ሄድኩ። ስኒውና ድምፁ ገጥመዋል! ሁለተኛ፣ ከሪዞልቭ ኤክስፖርት ያደረግኩትን በስልኬ አየሁት። አልገጠሙም። ስለዚህ ቀረጻው አልተበላሸም፣ የላፕቶፑ አቅምም ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ ፋይሉ ታይምላይን (ሪዞልቭ ውስጥ ክሊፖቹ የሚደረደሩበት ቦታ) ላይ የሚነበብበት መንገድ ነው።

ከዚያ ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፈትኩት። ፍሬም ሬት ማለት በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል እንዳለ ነው። የፍሬም ሬቱ ዓይነት “ቫሪያብል” ይላል፣ ተለዋዋጭ ማለት ነው። ብዙ ስልክ ሲቀርጽ በሰከንድ ልክ 30 ፍሬም አይዝም። ብርሃን ሲያንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ብርሃን እንዲያገኝ። የአያቴ ሳሎን ደግሞ መጋረጃው ወፍራም ነው። ቪኤልሲ እያንዳንዱን ፍሬም በተመዘገበበት ሰዓት ስለሚያሳየው ይገጥማል። ታይምላይኑ ግን ሁሉንም እኩል 30፣ 30 እያደረገ ደረደራቸው። ፍሬሙ ካሰበው ያነሰ ስለሆነ ምስሉ ቀድሞ ይሮጣል፣ ድምፁ ወደኋላ ይቀራል። 47 ደቂቃ ሲጠራቀም የትየለሌ ነው።

መፍትሔው ፋይሉን ሪዞልቭ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መቀየር ነው። የቪዲዮ ክፍሉ ላይ ፍሬም ሬቱን ራሳችሁ ምረጡና “ኮንስታንት ፍሬምሬት” የሚለውን ንኩ። ሳትነኩት ብትተዉት “ፒክ” የሚለው ላይ ነው የሚቆየው፣ እሱ ደግሞ ተለዋዋጭነቱን አያጠፋውም። ጥራቱን 18 ላይ አደረግኩት፤ እዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም ይሻላል የሚል አንብቤ ነበርና 25 መረጥኩ። ምክሩ እውነት ነው፣ ግን ለመቅረጽ ነው። በ30 የተቀረጸን ወደ 25 ስታወርዱት በየሰከንዱ አምስት ፍሬም ይጣላል። ቡናው ከጀበናው ሲወርድ ቀጭን ክር መሆኑ ቀርቶ እየተቆራረጠ ወረደ። እንደገና በ30 ቀየርኩት። በኔ ላፕቶፕ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ ያ ማታ በዚሁ አለቀ። የፕሮጀክቱንም ፍሬም ሬት ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት 30 አድርጉት፣ ከገባ በኋላ መቀየሪያው ይቆለፋል።

አሁን ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ሁሉም ትራንዚሽንና የቀለም ፕሪሴት ነው የሚያስተምረው። እኔ ሰባት ወር ስማር አንድም ሰው “መጀመሪያ ፋይልሽን መርምሪ” አላለኝም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የሚያሰራጩትንም አልወድም፤ ነፃው ሪዞልቭ ለኛ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው፣ ቫይረስ መሸከም ምን ያደርግላችኋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራዬ እንዳይጠፋ ደግሞ ፕሪፈረንስ ውስጥ ላይቭ ሴቭንና የፕሮጀክት ባካፑን ሁለቱንም አብርቻለሁ። ይህንን ዛሬውኑ ፈትሹ። ፋይሎቼን ግን አሁንም በየፎልደሩ በትኜ ነው የምሠራው፤ ባለፈው ፍላሹን ስነቅለው ግማሹ ክሊፕ ቀይ ሆኖ ቀረ፣ መልሼ ሳገናኝ አንድ ቅዳሜ ሄደ። ስለዚህ በፎልደር ጉዳይ ከኔ አትማሩ።

የቀረኝ ይኼ ነው። በቀረጻው ቀን ሁለተኛ ስልክ አያቴ አጠገብ መደቡ ላይ አስቀምጬ ድምፅ ብቻ ቀድቼበታለሁ። ድምፁ ከዋናው በጣም ይሻላል፣ የከሰሉ መንጣጣት ሳይቀር ይሰማል። መጀመሪያ ላይ አጨብጭቤ ስለነበር በጭብጨባው አገጣጠምኳቸው። መጨረሻው ላይ ግን አራት ፍሬም ያህል ይለያያሉ። ሁለቱ ስልኮች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው እንደሆነ ገብቶኛል። መጨረሻም ላይ ማጨብጨብ እንደነበረብኝ አሁን ነው ያወቅኩት፣ ልዩነቱን ወዲያው ያሳየኝ ነበር።

ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ አያቴ ዝም ባለችባቸው ቦታዎች ድምፁን ቆርጬ አንድ አንድ ፍሬም ማሸጋሸግ ነው። እሷ ረገብ ብላ ነው የምታወራው፣ ከሰሉን ስታራግብ ረጅም ዝምታ አለ፣ እዚያ ቢቆረጥ የሚያስታውቅ አይመስለኝም። ሌላው የድምፁን ፍጥነት በጥቂቱ መቀየር ነው፣ ግን የድምፅዋን ቃና እንዳይነካብኝ እፈራለሁ። ለፋሲካ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ረጅም ቃለ ምልልስ በሁለት መሣሪያ ቀድታችሁ ያገጣጠማችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን ነው ያደረጋችሁት?